የቫሌንሲያ ገበያና የ484 ዩሮ ሒሳብ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከስፔን ከተመለስኩ ወዲህ በቢሮ በኩል ያለፈች ሁሉ «እስኪ አውሮፓ እንዴት ነበር? ምን ምን ገዛሽ?» ትለኛለች። ሰብሳቢያችንም «ለእያንዳንዷ ከምትደግሚው አንዴ ቁሚና ለሁሉም ንገሪ» አሉኝ። እሺ ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከእናንተ መካከል ልጇ ወይም እህቷ ውጭ አገር ያለች ብዙ ናት፤ አንድ ቀን ቪዛው ሲሳካላት የእኔ ወሬ ይጠቅማት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሄድኩት የማኅበሩን ገንዘብ ይዤ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ገንዘብ ይዛ ሄዳ ወሬ ብቻ ይዛ መምጣት አትችልም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ ሒሳብ ማወራረድ ነው።

እንደምታውቁት የአውሮፕላን ቲኬቱን የቆረጠችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቫሌንሲያ በምትባል ከተማ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ትኖራለች። ቫሌንሲያ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለች፣ ከማድሪድና ከባርሴሎና ቀጥላ የስፔን ሦስተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። መሄዴ ሲሰማ የልብስ ስፌት ክፍላችን ጥያቄ አቀረበ። ደራርቦ የሚቆርጥ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ጨርቅ መቁረጫ ያስፈልገን ነበር፤ ቆራጫችን ቀኑን ሙሉ በመቀስ ስትቆርጥ ውላ ማታ ማታ የእጇ አንጓ እያበጠ ነው። ጥሩ መቀሶች፣ የማሽን መርፌ፣ ዚፕና የጥልፍ ክርም ተጨመረ። ኮሚቴው ከክፍሉ ተዘዋዋሪ ገንዘብ 500 ዩሮ ፈቀደልኝ፤ ከባንክ ተገዝቶ በስሜ ወጪ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ያወጣሁት 484 ዩሮ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰዓት ልንገራችሁ፤ ኋላ ላይ የተሳሳትኩት ከእሱ ጋር ስለሚያያዝ። የእኛ ሱቅ ጠዋት ከተከፈተ እስከ ማታ ክፍት ነው። እዚያ ግን ትናንሽ ሱቆች ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት አካባቢ ይከፍቱና ቀን 8 ሰዓት ላይ መዝጊያውን ጥርቅም አድርገው ወደ ምሳ ይሄዳሉ። እስከ 11 ሰዓት ድረስ መንገዱ ጭር ይላል። ማታ እንደገና ተከፍቶ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ቅዳሜ ከሰዓት ብዙዎቹ ትናንሽ ሱቆች አይመለሱም፤ እሑድ ደግሞ አብዛኛው ዝግ ነው። ትልልቆቹ መደብሮች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። የሰኔ ፀሐያቸው አናት ይበሳል፤ ለምን እንደሚዘጉ በሁለተኛው ቀን ገባኝ።

እህቴ በመጀመሪያ የወሰደችኝ ሜርካዶ ሴንትራል ወደሚባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተ፣ ከ8 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጣሪያው በብረትና በባለ ቀለም መስታወት የተሠራ ነው። ገና ስትገቢ ቤተ ክርስቲያን ይመስልሻል፤ ከዚያ የዓሣው ሽታ ገበያ መሆኑን ይነግርሻል። እሱም ከሰዓት በፊት የሚሸጥበት፣ ቀን 9 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ገበያ ነው።

እዚያ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንደኛው፣ እንደለመድኩት ቲማቲሙን እየጨበጥኩ መምረጥ ጀመርኩ። ሻጯ ምንም ሳትለኝ እጄን ብቻ አየችው። በዚያ ገበያ የምትፈልጊውን ታሳያለሽ እንጂ አትነኪም፤ የምትመርጥልሽ እሷ ናት። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደግሞ ራስሽ ታነሻለሽ፣ ግን የፕላስቲክ ጓንት አድርገሽ ነው። ሁለተኛው ስለ ሰልፍ ነው። ሰዎቹ ተበታትነው ቆመው ሳይ ሰልፍ የሌለ መስሎኝ ወደፊት ጠጋ አልኩ። እህቴ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ለካ ሰልፉ በዓይን አይታይም! አዲስ የሚመጣ ሰው «የመጨረሻዋ ማን ናት?» ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ «ኪየን ኤስ ላ ኡልቲማ?» ነው የሚሉት። አንዷ እጇን ታነሳለች። ከእሷ በኋላ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ቀጣዩ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ አንቺ እጅሽን ታነሻለሽ። ማንም ሳይገፋፋ፣ ቁጥር ሳይታደል ተራው ይጠበቃል። ከስፓኒሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መማር የምትፈልግ ይህቺን ትማር።

የጾመ ሐዋርያት ወቅት ስለነበር የሥጋውን በኩል እያየሁ አለፍኩ። የጾም መጠጥ ግን አገኘሁ። ኦርቻታ ይሉታል፤ ወተት ይመስላል፣ ግን ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ ትንሽ ፍሬ ከውኃና ከስኳር ጋር ተፈጭቶና ተጠልሎ በቀዝቃዛው የሚጠጣ ነው። ከአካባቢው እርሻ የሚመጣ ስለሆነ ቫሌንሲያዎች ይኮሩበታል።

ከገበያው ትይዩ ላ ሎንሃ የሚባል የድሮ የሐር መገበያያ አዳራሽ አለ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1482 ተጀምሮ የነበረ ሲሆን ከ1996 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ምሰሶዎቹ እንደ ተገመደ ገመድ የተጠማዘዙ ናቸው። እኔን ያስቆመኝ ግን በግድግዳው ዙሪያ ከላይ በላቲን የተጻፈው ነው። እህቴ እንዳስረዳችኝ ሐሳቡ፣ በንግግሩ የማያታልል፣ ለባልንጀራው የማለውን የማያጥፍና ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ነጋዴ እንደሚበለጽግና በኋላም የዘላለም ሕይወት እንደሚያገኝ የሚናገር ነው። ከ500 ዓመት በፊት ነጋዴው ሁሉ ሲዋዋል ቀና ብሎ እንዲያየው የተጻፈ። እኛም ይህን ማኅበር የጀመርነው ከአራጣ ሸሽተን አይደል? መሥራች እናቶቻችንን አስታወሰኝ።

ከዚያ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ፕላሳ ሬዶንዳ አለ፤ ክብ አደባባይ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ዙሪያውን በቤቶች የተከበበ ትንሽ ቦታ ነው። በውስጡ ቁልፍ፣ ጥብጣብ፣ ዳንቴል፣ የጥልፍ ክር፣ የተጠለፈ የጠረጴዛ ልብስ ይሸጣል። የጥልፍ ክፍላችን አባላት ብትገቡበት ማንም አያስወጣችሁም! ዳንቴል በእጅ የሚሠራበትን ትናንሽ የእንጨት እንዝርት መሰል ዘንግም እዚያው ይሸጣሉ፤ ክሩን በብዙ ዘንግ ጠቅልለው በትራስ ላይ እያጠላለፉ ነው የሚሠሩት።

በአቅራቢያው አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ደግሞ በእጅ የተሸመነ የሐር ጨርቅ አየሁ። የቫሌንሲያ ሴቶች በመጋቢት በሚከበረው ፋያስ በተባለው በዓል የሚለብሱት ቀሚስ የሚሠራበት ነው። ኤስፖሊን ይሉታል። አበባው የታተመ አይደለም፤ ሸማኔው በቀለም በቀለም እያለ በትንንሽ መወርወሪያ ያስገባዋል። ልክ እንደ ጥበባችን። ዋጋው በሜትር በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው። ባለሱቋን ለምን እንዲህ ተወደደ አልኳት፤ እህቴ አስተረጎመችልኝ። ሴትዮዋ ስለ ውበቱ አላወራችም። በቀን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሸመን ነው በጣቶቿ ያሳየችን፤ ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ዋጋውን የቆለለው የሰው ቀን ነው። እኛ የጥበብ ዋጋ ስናወጣ ክሩን እንደምራለን፣ ትራንስፖርቱን እንደምራለን፣ የሸማኔውንና የጥልፍ ሠሪዋን ቀን ግን በግምት ነው የምናስገባው። ይህን እኔ ራሴ የማዘጋጀውን የዋጋ ማውጫ ቅጽ እያሰብኩ ነው የምናገረው፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ «የወሰደው ቀን» የሚል አምድ ይኖረዋል።

ለጋሾቻችን ደስ ይላቸዋል ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ አስቤዛ የምትገዛበት ሱፐርማርኬት ኮንሱም ይባላል። ተራ ሱቅ መስሎኝ ነበር። የሸማቾችና የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ነው ለካ! እ.ኤ.አ. በ1975 እዚያው ቫሌንሲያ አካባቢ በአንድ ሱቅ ተጀምሮ ዛሬ በምሥራቅ ስፔን በብዙ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። ገንዘብ ተቀባይዋም ገዢዋም አባል መሆን ይችላሉ። እኛ የሸማቾች ማኅበር ሲባል የዘይትና የስኳር ሰልፍ ነው የሚታየን።

በባሕሩ ዳር ደግሞ ሌላ ገበያ አለ። አብዛኞቹ ከሴኔጋልና ከአካባቢው አገሮች የመጡ ወጣቶች አንሶላ ዘርግተው ቦርሳና ጫማ ይሸጣሉ። የአንሶላው አራት ማዕዘን ገመድ አለው። ፖሊስ ሲመጣ ገመዱን ስበው፣ ዕቃውን እንደ ጆንያ ተሸክመው ይሮጣሉ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጉልታቸውን የሚያነሱት የእኛ እናቶች ትዝ አሉኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዕቃው በታዋቂ ስሞች የተመሳሰለ ስለሆነ አልገዛሁም። ባርሴሎና ውስጥ ግን እነዚህ ሻጮች እ.ኤ.አ. በ2015 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ በኋላም ቶፕ ማንታ የሚባል የራሳቸውን የልብስ ምልክት ማውጣታቸውን ሰማሁ። ማንታ ብርድ ልብስ ማለት ነው፤ የሚሳደዱበትን ጨርቅ ስም አደረጉት።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

ስፔን ውስጥ የተለጠፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ነው። እንደኛ ገንዘብ ልትከፍይ ስትይ «ይህ ከቫት በፊት ነው» አይሉሽም። ታክሱ ኢቫ ይባላል፤ ውስጡ ነው ያለው። የእኛ 15 በመቶ ነው፤ የእነሱ አብዛኛው ዕቃ ላይ 21 በመቶ፣ አንዳንድ ነገር ላይ 10፣ እንደ ዳቦና ወተት ያለው ላይ 4 በመቶ ነው። የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ከሥሩ ሦስቱንም ለይቶ ያሳያል። በነገራችን ላይ ዋጋ መከራከር የለም። እኔ አንዴ ሞክሬ ሻጩ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚኖር እንግዳ ግን አንድ ዕድል አለ። የገዛሽውን ዕቃ ሳትጠቀሚበት በሦስት ወር ውስጥ ይዘሽ ከወጣሽ ያ ታክስ ይመለስልሻል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስፔን ውስጥ ዝቅተኛ የግዢ መጠን እንኳ አይጠየቅም። ለምግብ ቤትና ለሆቴል አይሠራም፤ ይዘሽው ለምትወጪው ዕቃ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ደረሰኙ ብቻ ግን አይደለም። ስትገዢ ፓስፖርትሽን አሳይተሽ ዲቫ የሚባለውን ቅጽ ሻጩ እንዲያወጣልሽ ትጠይቂያለሽ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቅጹን ማሽን ላይ ታሳያለሽ፣ ማሽኑ ያጸድቀዋል። ዕቃውን እንያ ሊሉ ስለሚችሉ ሻንጣው ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ አሁን በቃሌ እነግራችኋለሁ። ሰኔ 21 ቀን ግን አላውቀውም ነበር።

ዕለቱ ቅዳሜ፣ የማርያም ዕለት ነበር። መቁረጫውን የሚሸጠው ሱቅ ከመሀል ከተማ ራቅ ይላል። የደረስነው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሻጩ አንድ እጁ የመዝጊያው ቁልፍ ላይ ነበር። ማሽኑን ሞክረን ሠራ፤ ሶኬቱም ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው። 242 ዩሮ ከፈልኩ። 200 ዋጋ፣ 42 ታክስ። የማሽን ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ በጥንቃቄ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ፓስፖርቴ እህቴ ቤት ትራስ ሥር ነበር።

ሰኞ ሌሎቹን ዕቃዎች ልንገዛ መሀል ከተማ አንድ የስፌት ዕቃ መደብር ገባን። እዚያ ገንዘብ የተቀበለችን ልጅ መልኬን አይታ ራሷ ጠየቀችን፤ «እንግዳ ናት? ታክሱ እንዲመለስላት ቅጽ ላውጣላት?» አለች። ልቤ ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። እዚህኛው ግዢ በአጋጣሚ ያው 242 ዩሮ ነበር፤ ቅጹ ወጣልኝ። ወዲያው ወደ ቅዳሜው ሱቅ በአውቶቡስ ሄድን። ሻጩ በትሕትና ነው ያናገረን። ቅጹ ሲሸጥ የሚወጣ ነው፣ ሽያጩ ተዘግቷል፣ አሁን አልችልም አለ። መከራከሪያ ቋንቋም አልነበረኝም።

የሚቀጥለውን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እህቴ ለአንዳችሁ በስልክ ልትነግር ትችላለች። በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ለራሴ 45 ዩሮ ጫማ ገዝቼ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሬባኻስ የሚባል የቅናሽ ወቅት ይጀምራል። ማክሰኞ በዚያው ሱቅ ሳልፍ ጫማው 31 ዩሮ ከ50 ሆኖ ተለጥፏል። እህቴ «ደረሰኙ አለሽ አይደል? ካልረገጥሽበት መልሺውና እንደገና ግዢው» አለችኝ። የሐሳብ ለውጥ ሲሆን ሱቁ ዕቃ እንዲመልስ ሕግ አያስገድደውም፤ ብዙዎቹ ግን በደረሰኝ ይቀበላሉ። ተቀበሉኝ። 13 ዩሮ ከ50 ሳንቲም አስመለስኩ። እንግዲህ ለራሴ ጫማ 13 ዩሮ አዳንኩ፣ ለማኅበሩ መቁረጫ 42 ዩሮ አጠፋሁ። ማታ ይህን ሳሰላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በባቡር ወደ ማድሪድ ሄጄ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የነበረኝን አንዱን ቅጽ ማሽኑ ላይ አሳየሁ። አረንጓዴ በራ። መደብሩ የሚሠራው ገንዘቡን በወኪልነት ከሚመልስ ድርጅት ጋር ስለሆነ የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ከ42 ዩሮው 31 ዩሮ በእጄ ተሰጠኝ። 11 ዩሮው የወኪሉ ነው፤ ወረቀት አለው። 31 ዩሮውንና ከ500ው የተረፈውን 16 ዩሮ፣ በድምሩ 47 ዩሮ ለገንዘብ ያዣችን አስረክቤ ገቢ ደረሰኝ ተቀብያለሁ።

የቀረው የመቁረጫው 42 ዩሮ ነው። በዕለቱ ምንዛሪ ከ6 ሺህ ብር በላይ ይመጣል። እያንዳንዳችን በወር 300 ብር እንቆጥባለን፤ የአንዷ እናት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ቁጠባ ማለት ነው። ኮሚቴው «አላወቅሽም፣ ዋጋው እንደሆነ የተፈቀደልሽ ነው፣ ይለፍ» ብሎኛል። በደግነት ነው። እኔ ግን እንዲያልፍ ያልፈለግሁበት ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ዓመት ከሸማ ክፍሉ አንዲት እናታችን ሽሮ ሜዳ ላይ የጥለት ክር በ640 ብር ገዝተው መጡ። የገዙት መንገድ ዳር ከተቀመጠች ሴት ነበር። ደረሰኝ አልነበራቸውም። ክሩን አሳዩኝ፣ ልኩን አስለኩኝ። እኔ «ያለ ደረሰኝ ወጪ የለም፣ ሕጉን ያውቁታል» አልኳቸው። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው ከራሳቸው ከፈሉ። ሕጉን በእርግጥ ማንም ቁጭ ብሎ አልነገራቸውም ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እሳቸው ደግሞ ማንበብ አይችሉም። ያ መለጠፊያ ለእሳቸው፣ ዲቫ ለእኔ እንደነበረው ነው የነበረው። እኔን ግን የመደብሯ ልጅ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ ከመንገድ ዳር ሻጭ ለሚገዛ ትንሽ ዕቃ የምስክር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት የግዢ ማረጋገጫ ቅጽ እናዘጋጅ፤ ረቂቁን አምጥቻለሁ፣ ጣሪያውን ጉባኤው ይወስን። ይህን ቅጽ ማንኛዋም ገንዘብ ይዛ የምትወጣ አባል ከመውጣቷ በፊት በቃል ተነቦላት ትውጣ። ሁለት፣ የእኔ 42 ዩሮና የእናታችን 640 ብር በአንድ ቀን፣ በአንድ ድምፅ ይታይ። የእኔ ይለፍ ከተባለ የእሳቸው ይመለስላቸው። የእሳቸው አይመለስም ከተባለ ደግሞ እኔ ከደመወዜ በሦስት ወር እከፍላለሁ።

እስከዚያ ድረስ 42 ዩሮው በመዝገባችን ላይ በእኔ ስም በተሰብሳቢ ሒሳብ ተጽፏል። 640 ብሩን በእናታችን ስም በተከፋይ ሒሳብ አስገብቼዋለሁ። የስፓኒሽ ደረሰኞቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ምን እንደሚሉ ከጎናቸው በእርሳስ በአማርኛ ጽፌባቸዋለሁ፣ ማንበብ ለማትችሉ ቡና ሲፈላ አብረን እናያቸዋለን። መቁረጫው በስፌት ክፍሉ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ቆራጫችን ትናንት አሥር ድርብ ጨርቅ ቆርጣበታለች።